ለሁለት ዓመት ልጅ የበረዶ ሰው ምን ያደርግለታል?

ጥር ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዳንድ የአዲስ አበባ ዴይኬር ግድግዳ ላይ ግን ከጥጥ የተሠራ የበረዶ ሰው አፍንጫውን ቀስሮ ቆሟል። የሳምንቱ ርዕስ «ዊንተር» ነው፤ ከኢንተርኔት እንዳለ የወረደ።

በርዕስ ማስተማሩን አልቃወምም። ትንሽ ልጅ አንድን ቃል የሚይዘው ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ሲታጠብም ደጋግሞ ሲሰማው ነው። የማልወደው የርዕሱን ምርጫና ጥድፊያውን ነው። በዚህ ሳምንት ትራንስፖርት፣ በሚቀጥለው ውቅያኖስ፣ ከዚያ ዳይኖሰር። ምን አጣደፈን?

ውሃን እንውሰድ። አንድ ሳፋ፣ ሁለት ኩባያ፣ አንድ ማጥለያ ይበቃል። ልጁ ይቀዳል፣ ይደፋል፣ ውሃው በማጥለያው ሲያመልጠው ክው ይላል። እናንተ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «ሞላ»፣ «ፈሰሰ»፣ «አለቀ» ትላላችሁ። በማግስቱም ያንኑ ሳፋ አቅርቡለት። እሱን አይሰለቸውም፣ የሚሰለቸን እኛ ነን። ብቻ ከሳፋው አጠገብ ትልቅ ሰው ለደቂቃ እንኳ አይጥፋ፤ ጥቂት ውሃም ለሕፃን አደገኛ ነው። ለመቁጠሪያ ተብሎ ባቄላና ሽምብራ መስጠትም ይቅር። አንዷ ፍሬ አፍንጫ ውስጥ ከገባች መድረሻው ክሊኒክ ነው።

በረዶ የግድ ካስፈለገ የኛው የክረምት በረዶ አለ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጁ ደንግጦ ይጠጋችኋል። ሲያባራ ሁለት ፍሬ ለቅማችሁ መዳፉ ላይ አድርጉለት። ሲቀልጥ ይየው። ከጥጡ ሰውዬ ይሄ አይሻልም?

ርዕስ እንደሆነ በያመቱ በራችን ድረስ ይመጣል። የዒድ አዲስ ልብስ አለ፤ የመስከረም አደይና ቄጠማ አለ። አበባየሆሽን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። ረጅሙን የምትለው አውራጇ ናት፣ ተቀባዮቹ «ለምለም» ብቻ ነው የሚሉት። አፉን ገና የሚፈታ ልጅ በአንዲት ቃል ከትልልቆቹ እኩል ይዘፍናል። ነሐሴ ላይ ሆያ ሆዬ ሲመጣ ደግሞ «ሆ!» ማለት ከቻለ በቂ ነው። ዱላውን መሬት ላይ መምታቱን ማንም አያስተምረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የአንድና የሁለት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ዎርክሺት ላይ ተደፍቶ የሚውል ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ሞግዚቶቹን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። ወረቀቱን የሚፈልገው ወላጅ ነው። ማታ ቦርሳውን ከፍቶ ቀለም የተቀባ ነገር ካላገኘ «ታዲያ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብሎ ያኮርፋል። ከፍሏላ! ስለዚህ ሞግዚቷ የልጁን እጅ ይዛ፣ እውነት ለመናገር አብዛኛውን ራሷ ቀብታ ትልክለታለች። ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ከልጁ በቀር።

ማታ ልጃችንን ስንቀበል ወረቀቱን ትተን ዛሬ ምን እንደነካ፣ ምን እንዳሸተተ፣ የትኛውን ጨዋታ «ድገሚልኝ» እንዳለ ብንጠይቅ እቅዱም ቀስ በቀስ መቀየሩ አይቀርም። ልብሱ ረጥቦ ከመጣ ደግሞ አናኩርፍ፤ በማግስቱ አንድ ቅያሪ ጨምረን እንላክ።