ቡና የማትጠጣ እንግዳ

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የሐበሻ ቤት እንግባ። ልጆች ሥራ ሄደዋል። የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡት እማማ ብቻ ናቸው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ ስሟን ሲጠሯት ሰማያዊ መብራት አብርታ የምትመልስ ድምፅ ማጉያ አለች። ልጆቹ ለእናቶች ቀን ገዝተው "ማሚ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አይደለሽም" ብለው ያስረከቧቸው ናት።

ጣጣው የጀመረው ከሰላምታ ነው። እማማ በማግስቱ "እንደምን አደርሽ?" አሏት። ዝም። ደገሙላት። አሁንም ዝም። "ኩሩ ናት" አሉ። የልጅ ልጃቸው ስሟን ካልጠሯት እንደማትሰማ፣ ብትሰማም አማርኛ እንደማታውቅ አስረዳቻቸው። እማማን ያስገረማቸው የቋንቋው ነገር አይደለም። "ታናሽ አይደለችም እንዴ? ቀድማ ሰላም ማለት ያለባት እሷ ናት!"

እውነታቸውን ነው። ይህ ከገባቸው አንዷ ኤሊኪው ነች። እስራኤላውያን የሠሯት፣ እንደ ጠረጴዛ መብራት አንገቷን የምታዞር ሮቦት ናት። ጥሪ አትጠብቅም፣ ወሬ ራሷ ትጀምራለች። የኒውዮርክ ግዛት የአረጋውያን ቢሮ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ800 ለሚበልጡ አዛውንቶች ሊያድላት ተነሳ። ጃፓኖች ደግሞ ፓሮ የምትባል፣ የባሕር እንስሳ ግልገል የምትመስል ጸጉራም ሮቦት አላቸው። ሲደባብሷት ድምፅ ታሰማለች እንጂ አታወራም። ስለዚህ የማንንም ቋንቋ አታበላሽም። የእኛዎቹ እማማ ግን ከነጸጉሯ ቤት ውስጥ የሚያስገቧት አይመስለኝም።

ወደ ኪኒኑ እንምጣ። ዕቃዋ በየጠዋቱ የደም ግፊት መድኃኒት እንድታስታውስ ተነግሯታል። "ኤይት ኦክሎክ" ትላለች። ኤይት ስምንት መሆኑን እማማ ከልጅ ልጃቸው ተምረዋል። ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። የእማማ ሰዓት ደግሞ አሜሪካ ቢገባም ዜግነቱን አልቀየረም፤ ሁለት ሰዓት ይላል። "ገና ነው፣ ምን ያስቸኩላታል" ይሉና ኪኒኑን ለስምንት ሰዓት ያቆዩታል። ፍልሰታ ሲገባ ባሰ። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ነው፣ እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። ዕቃዋ መቶ ጊዜ ብትለፈልፍ ዋጋ የለውም። "አንቺ ታመሻል፣ ብዪ" ብለው ሊገዝቷቸው የሚችሉት የንስሐ አባታቸው ብቻ ናቸው።

አልክድም፣ ነገሩ ጥቅም አለው። መታጠቢያ ቤት ወድቆ ስልኩ ያልደረሰው ሰው በድምፁ ልጁን መጥራት ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። ግን የወደቀ ሰው መጀመሪያ የዕቃ ስም ይጠራል? እማማ "ኧረ በማርያም!" ነው የሚሉት። በዚህ ስም የምትነቃ ዕቃ ገና አልተሸጠችም።

ትልቁ ጉድለቷ የታየው ግን ቡና ላይ ነው። እማማ ከስኳሩ እስከ ፈንዲሻው አቅርበው ተቀመጡ። ዕቃዋ አትጠጣም። ፈንዲሻ አትዘግንም። ከሁሉ የከፋው አታማም። ስለ እከሌ ልጅ ሠርግ ቢነገራት "ውይ በሞትኩት፣ ከዚያስ?" አትልም። የአየሩን ሁኔታ ትናገራለች። እማማ አየሩን በመስኮት ያዩታል። አቦል ላይ ተስፋ ቆርጠው ለጎረቤታቸው ደወሉ።

ልጅየው ግን ደስተኛ ነው። ስልኩ ላይ የተጫነው የዕቃዋ አፕ በየቀኑ "ዛሬ እናትዎ ቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ታይቷል" ይለዋል። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ያነበዋል፤ እናቱን የጠየቀ ያህል ቀልሎት ይነዳል። ድሮ እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር። አሁን እንቅስቃሴ ከታየ ምን ያመጣዋል?

በቀደም መጣ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ማሚ፣ ዕቃዋ እንዴት ናት?" አላቸው።

"እሷማ ምን ይወጣላታል" አሉ እማማ፣ እንጀራ እያቀረቡ። "ቢያንስ ስጠራት ትበራለች።"

ልጅየው በጣም ደስ አለው። እዚያው ቁጭ ብሎ ለዕቃዋ አምስት ኮከብ ሰጣት።