ፒን 1 የቱ ነው? በኪካድ የራስን ሲምቦል ስለ መሥራት ክርክር

የክርክሩ ርእስ፦ በኪካድ (የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም) ቦርድ የሚነድፍ ሰው፣ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን ላይብረሪ (የተዘጋጁ ሲምቦሎች ስብስብ) ትቶ ለሚጠቀምባቸው ዕቃዎች የራሱን ሲምቦል (ዕቃው በሰርኪቱ ሥዕል ላይ የሚወከልበትን ምልክት) መሥራት አለበት።

ደጋፊ፦ ከአንድ ትራንዚስተር ልነሣ። ቢሲ547 እና 2ኤን3904 ሁለቱም ኤንፒኤን የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት፣ ሁለቱም ባለ ሦስት እግር (ፒን) ጥቁር ፕላስቲክ ናቸው። ጠፍጣፋ ፊታቸውን ወደ አንተ፣ እግራቸውን ወደ ታች አድርገህ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠር። የመጀመሪያው ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ ሁለተኛው ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። 2222 ደግሞ የባሰ ነው፤ ፒኤን2222ኤ እና ፒ2ኤን2222ኤ በስም የሚለያዩት በአንዲት “2” ብቻ ነው፣ እግራቸው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ስኬማቲክ (የሰርኪቱ ሥዕል) ላይ ሁሉም ያው ቀስት ያለበት ክብ ናቸው። ጠቅላላውን የኤንፒኤን ሲምቦል አስቀምጠህ ፉትፕሪንቱን (ዕቃው ቦርዱ ላይ የሚበየድበትን የመዳብ ንድፍ) በኋላ ብትመርጥ፣ የስህተት ፍተሻው ኢአርሲ ትንፍሽ አይልም፤ ለእሱ ሽቦው ተገናኝቷል፣ በቃ። ጉዱ የሚታየው ቦርዱ ተበይዶ ኃይል ሲገባበት ነው። ስለዚህ ለምገዛው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሲምቦል ይኑረኝ፤ የፒን ቁጥሩ ከዳታሺቱ (ከአምራቹ የመረጃ ሰነድ) የተወሰደ፣ ፉትፕሪንቱ አስቀድሞ የተሞላ፣ የአምራቹ ሙሉ መለያ ቁጥር የተጻፈበት።

ተቃዋሚ፦ በሽታውን በትክክል ነግረኸናል፣ መድኃኒቱ ግን ይብሳል። ቢሲ547 በኪካድ ላይብረሪ ውስጥ በስሙ አለ፤ ጥፋቱ በስሙ ያለውን ትቶ ጠቅላላውን የመረጠው ሰው ነው። ወደ ነባሩ ላይብረሪ የሚገባ ሲምቦል በተጻፈ ደንብ ተመዝኖ፣ በሌላ ሰው ዐይን ታይቶ ነው። የአንተን ማን ያየዋል? ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8ቲ6 የሚባለውን ማይክሮኮንትሮለር አስብ፤ 48 ፒን አለው። የኃይልና የግራውንድ ፒኖቹ ብቻ፦ ቪዲዲ ሦስት፣ ቪኤስኤስ ሦስት፣ ከዚያ ቪዲዲኤ፣ ቪኤስኤስኤ፣ ቪባት። የኪካዱ ከአምራቹ መረጃ በስክሪፕት የወጣ ነው፣ የአንተ በእጅ የተተየበ። ዐይንህ ከሠንጠረዡ አንድ መስመር ከዘለለ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል።

በእጅ የሚሠራ ሰው የት የት እንደሚሳሳትም ይታወቃል። ግሪዱን (ፒንና ሽቦ የሚያርፉበትን የነጥብ መረብ) ወደ 25 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው) አውርዶ ፒን ያስቀምጣል፤ ስኬማቲኩ ላይ በ50 ሚል ሽቦ ሲስብ ጫፉ አይገጥምም፣ ለዐይን የተነካካ ይመስላል እንጂ አልተገናኘም። የፒኑን ዓይነት ሁሉ “ፓሲቭ” (መግቢያም መውጫም ያልተባለ) ይለዋል፤ ያኔ ሁለት መውጫዎች ቢጋጩ እንኳ ኢአርሲ ዝም ነው። የሬጉሌተሩን (የቮልቴጅ ማረጋጊያውን) መውጫ “ፓወር አውትፑት” ማለት ሲገባው ተራ “አውትፑት” ይለዋል። ከዚያ ኢአርሲ ኃይል የሚሰጠው የለም ብሎ ሲጮህ፣ በየመስመሩ ፓወር ፍላግ (“እዚህ ኃይል አለ” የሚል ምልክት) እየለጠፈ ያፍነዋል።

ደጋፊ፦ ይህ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ሲምቦል ኤዲተሩን ክፈት፣ አዲስ ላይብረሪ በል፣ ግሎባል ሳይሆን ፕሮጀክት የሚለውን ምረጥና ፋይሉን እዚያው ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ፤ ፎልደሩን ለሌላ ስትልክ አብሮ ይሄዳል። ግሪዱ 50 ሚል፣ ማለትም 1.27 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ፒኖቹን ግን በ100 ሚል ርቀት አስቀምጥ፣ ርዝመታቸውም ከ100 ሚል አይነስ። ፒኑ ከበዛ በሥዕሉ ላይ አትድከም፤ የፒን ሠንጠረዡን ከፍተህ ቁጥር፣ ስምና ዓይነት ሙላ፣ በቁጥር ደርድረህም ከዳታሺቱ ጋር አንድ በአንድ አንብብ። ኤልኤም358ን የመሰለውን ባለ ሁለት ኦፕአምፕ (የሲግናል ማጉያ) ቺፕ በሦስት ዩኒት (ለየብቻ የሚቀመጥ የሲምቦል ክፍል) ክፈለው፦ ሁለቱ ኦፕአምፖች፣ ሦስተኛው ደግሞ 8 እና 4 ቁጥር የኃይል ፒኖች ብቻ። የኃይል ፒን እንዳትደብቅ። የተደበቀ ፓወር ኢንፑት በስሙ ብቻ ከመስመር ጋር ይገናኛል፤ ቪሲሲ ያልከው መስመር 5 ቮልት ከሆነ፣ በ3.3 ቮልት ሊሠራ ያሰብከው ቺፕ ሳታየው 5 ቮልት ይደርሰዋል።

አሁን ነባሩን የምታምን ይህን መልስልኝ። ኤልኤም1117 የሚባለው ሬጉሌተር በኤስኦቲ-223 ማሸጊያ ሲመጣ ፒን 1 ግራውንድ ወይም ማስተካከያ፣ 2 መውጫ፣ 3 መግቢያ ነው፤ ሰፊው ምላስ ከ2 ጋር አንድ ነው። ኪካድ ውስጥ ግን ምላሱን “4” የሚል ፉትፕሪንትም፣ “2” የሚል ፉትፕሪንትም አለ። ሲምቦሉ ሦስት ፒን ብቻ ነው፤ ባለ 4ቱን የመረጠ ሰው ምላሱ ያለ መስመር ይቀርበታል። 7805 ሬጉሌተርን የለመደ እጅ ደግሞ “ጀርባው ግራውንድ አይደል?” ብሎ ከግራውንዱ መዳብ ጋር ያያይዘዋል፤ መውጫው ሾርት ሆነ ማለት ነው። በእኔ ላይብረሪ ይህ አንዴ ተመርጦ ተዘግቷል።

ተቃዋሚ፦ ነባሩ የኤኤምኤስ1117-3.3 (የዚያው ዓይነት ሬጉሌተር) ሲምቦል ምላሱ “2” የሆነውን ፉትፕሪንት ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሱም ተዘግቷል። “ተዘግቷል” በሚለው ቃል ግን አትተማመን። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መገባደጃ 2021 ከወጣው ከኪካድ 6 ወዲህ ሲምቦሉ ተቀድቶ ስኬማቲኩ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ላይብረሪህን ብታርም የተሳለው ስኬማቲክ አይታረምም፤ “ሲምቦሎችን ከላይብረሪ አድስ” የሚለውን ራስህ ማስኬድ አለብህ፣ ፊልዶችን መልስ የሚለውን ምልክት ካደረግህበት ደግሞ በእጅህ የሞላኸው ይጠፋል። አሥር ፕሮጀክት ካለህ አሥር ጊዜ ነው።

እኔ የምለው፣ ነባሩ ካለ ወደ ራስህ ላይብረሪ ቅዳው፤ ፒኑን አትንካ፣ ፉትፕሪንቱንና መለያ ቁጥሩን ብቻ ሙላ። ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ዕቃ ካለህ አንዱን ወላጅ አድርገህ ሌሎቹን ከእሱ አውጣ፤ ፒኑን ከወላጁ ይወርሳሉ። ወላጁና ልጁ ግን አንድ ላይብረሪ ውስጥ መሆን አለባቸው። ከባዶ የሚሠራው ጨርሶ የሌለው ብቻ ነው።

ደጋፊ፦ መቅዳቱን እቀበላለሁ፣ ሳያነቡ መቅዳትን ግን አልቀበልም። ኪውኤፍኤን-32 የሚባለው ባለ 32 ፒን ማሸጊያ ብዙ ጊዜ ከሆዱ ላይ 33ኛ ፓድ (የሚበየድ መዳብ) አለው። 32 ፒን ብቻ ያለው ሲምቦል ከየትም ቢመጣ ያ ፓድ ያለ መስመር ይቀራል፣ ቺፑም ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት መዳብ ያጣል። እኔ ቦርዱን ወደ ፋብሪካ ከመላኬ በፊት ፉትፕሪንቱን 1 ለ 1 በወረቀት አትሜ ዕቃውን ላዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ተቃዋሚ፦ አትመው፤ ራስህ የሠራኸውን ግን ሁለት ጊዜ ፈትሽ። ወረቀቱ የፓዱን መጠን ያሳይሃል እንጂ የፒን 7 ስም ልክ መሆኑን አይነግርህም።