በርክክብ ሰሞን የሚጸድቅ ሕግ፣ በርክክብ ሰሞን የሚላላ ኢንሹራንስ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1979 ላማር አሌክሳንደር የቴነሲ ገዥ ሆነው የማሉት ከተያዘላቸው ቀን ሦስት ቀን ቀድመው ነው። ተሰናባቹ ገዥ ሬይ ብላንተን ወንበሩን ሊለቁ ቀናት ሲቀሯቸው፣ በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸውን ጭምር፣ ለበርካታ እስረኞች ምሕረትና የቅጣት ቅነሳ ይፈርሙ ነበር፤ ምሕረቱ በገንዘብ ይሸጣል የሚል ምርመራም በፌዴራል መንግሥቱ ተይዞ ነበር። ብላንተን ዴሞክራት፣ አሌክሳንደር ሪፐብሊካን ናቸው። ያም ሆኖ አዲሱ ሰው በጥድፊያ እንዲምሉ የተስማሙት የግዛቲቱ ምክር ቤት ዴሞክራት መሪዎች ራሳቸው ናቸው።

ይህን የማነሣው አሌክሳንደር በኋላ ከ2003 እስከ 2021 ሴናተር ሆነው ሲቀመጡ፣ ከ2015 ጀምሮም የሴኔቱን የጤና ኮሚቴ ሲመሩ፣ ስለ ሥልጣን ርክክብም ሆነ ስለ ጤና ፖሊሲ የያዙት አቋም ከዚያ ቀን ብዙም የራቀ ስላልሆነ ነው። አሮጌው ሲወጣና አዲሱ ሲገባ መሐሉ ላይ ክፍተት አይኑር፤ ክፍተት ካለ የሚጎዳው ሥልጣን ላይ የሌለው ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ ያለው ወገናችን ምርጫ በመጣ ቁጥር «ማን አሸነፈ» እያለ ሲነጋገር ያድራል። የኢንሹራንስ ካርዱን ዕጣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ከምርጫው ማግስት እስከ ቃለ መሐላው ባለው ጊዜ የሚሠራውና የማይሠራው ነገር ነው።

ምርጫው በኖቬምበር መጀመሪያ አካባቢ ማክሰኞ ይውላል፤ ቃለ መሐላው ጃንዋሪ 20 ነው። በ1933 ሕገ መንግሥቱ ለ20ኛ ጊዜ ሳይሻሻል በፊት ጥበቃው እስከ ማርች 4 ይዘልቅ ነበር። በ1963 በወጣው የርክክብ ሕግ መሠረት የፌዴራሉ የንብረትና አገልግሎት አስተዳደር አሸናፊ የሚመስለውን ወገን ሲለይ፣ ለአዲሱ ቡድን ቢሮና ገንዘብ ይሰጠዋል፤ የየመሥሪያ ቤቱም በር ይከፈትለታል። ከዚያ በኋላ ወደ 4,000 የሚጠጋ የፖለቲካ ሹመት መሙላት አለበት፤ ከ1,200 በላይ የሚሆነው በሴኔት ይጸድቃል። የጤና ሚኒስትሩም፣ ሜዲኬርን (የአረጋውያኑን የመንግሥት ኢንሹራንስ) እና ሜዲኬይድን (የዝቅተኛ ገቢውን) የሚያስተዳድረው ኃላፊም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ኦባማኬር በሚባለው የ2010 የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ምዝገባ የሚከፈተው ደግሞ ኖቬምበር 1 ነው። በምርጫ ዓመት፣ በአሮጌው አስተዳደር የተከፈተ ምዝገባ በአዲሱ ዘመን ሊዘጋ ይችል ነበር። በ2017 የሆነው ይኸው ነው። ምዝገባው እስከ ጃንዋሪ 31 ነበር፤ ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ማሉ፤ በመጨረሻው ሳምንት ሰውን «ቀኑ ሳያልፍ ተመዝገቡ» የሚለው ማስታወቂያ ከፊሉ ተነሣ። በዚያው ዓመት ኦገስት የማስታወቂያው በጀት ከ100 ሚሊዮን ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፤ የምዝገባውም ጊዜ ዲሴምበር 15 እንዲያበቃ ቀድሞ ተወስኖ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ከሕጉ አንዲት አንቀጽ አልተነካችም። የሕጉን መሻር ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይህን አያየውም፤ ሕግን ሳይሽሩ ማላላት ደግሞ ከመሻር እጅግ ይቀላል።

አሌክሳንደር ይህንን ጠባብ ጊዜ ለመልካም ሲጠቀሙበትም ታይተዋል፤ ይህን ከእሳቸው ጋር የማይስማሙትም አይክዱትም። ከዋሽንግተን ግዛቷ ዴሞክራት ሴናተር ፓቲ መሬይ ጋር ሆነው የገፉት፣ አዳዲስ ሕክምናን የሚያፋጥነው ሕግ በሴኔት 94 ለ5 ያለፈው ትራምፕ ካሸነፉ በኋላ ሲሆን ኦባማ የፈረሙበት ዲሴምበር 13 ቀን 2016 ነው። ለአገሪቱ የጤና ምርምር ተቋም 4.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ለኦፒዮይድ (የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት) ሱስ መከላከያ ለሁለት ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ይዟል። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ትራምፕ ተሸንፈው ሊወጡ ሲሉ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 2020 በፈረሙት ትልቅ የበጀት ሕግ ውስጥ ያልታሰበ የሕክምና ቢል መከላከያው ተካቶ አለፈ።

ይህ ሁለተኛው ሕግ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2022 ነው፤ ወገኖቻችን ግን ሳያውቁት የማይገባቸውን ቢል ይከፍላሉ። የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የሌለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቢገባ፣ ውል ያለው ቢሆን ከሚከፍለው በላይ መጠየቅ የለበትም። ውል ያለው ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ማደንዘዣ የሰጠው ሐኪም ውል ባይኖረውም እንደዚያው ነው። የአየር አምቡላንስ ይካተታል፤ በመኪና የሚመጣው አምቡላንስ ግን አልተካተተም፣ ያልታሰበ ቢል ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ኢንሹራንስ የሌለው ደግሞ ቀጠሮ ሲይዝ የዋጋ ግምት በጽሑፍ የመቀበል መብት አለው፤ ቢሉ ከግምቱ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። ግምቱን በቃል ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ግን በእጁ የሚያሳየው ነገር የለውም።

ወደ 2017 ልመለስ፤ የሰውየው አቋም በደንብ የተፈተነው እዚያ ነው። ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱንም፣ ሴኔቱንም (52 ወንበር ይዘው)፣ ዋይት ሐውስንም ያዙ። ብዙዎቹ «መጀመሪያ ኦባማኬርን እንሻር፣ ምትኩን በኋላ እናስብበታለን» አሉ። የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በጃንዋሪ 2017 ባወጣው ግምት፣ ያለምትክ ከተሻረ በመጀመሪያው ዓመት 18 ሚሊዮን፣ እስከ 2026 ደግሞ 32 ሚሊዮን ሰው ኢንሹራንስ ያጣል። አሌክሳንደር በድልድይ መሰሉት፦ ሊፈርስ የደረሰ ድልድይ ሲገጥም መጀመሪያ ሰው እንዳይጎዳ ይጠገናል፣ ከዚያ አዳዲሶቹ ይሠራሉ፣ አሮጌው የሚዘጋው በመጨረሻ ነው። ምሳሌያቸው ባዶ አልነበረም። ሁማና የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ከገበያው እንደሚወጣ ባስታወቀ ጊዜ በኖክስቪል ዙሪያ ያሉ 16 የቴነሲ ካውንቲዎች ለ2018 አንድም የኦባማኬር ኢንሹራንስ ሻጭ ሳይኖራቸው ሊቀሩ ነበር፤ በሜይ ብሉ ክሮስ የተባለው የግዛቲቱ ኢንሹራንስ ኩባንያ እገባለሁ ባይል ኖሮ መንግሥት ድጎማውን ቢሰጥም የሚገዛ ነገር አይኖርም ነበር።

አሁን ድምፃቸውን እንመልከት፤ ሰው የሚለካው በምሳሌው ሳይሆን በድምፁ ነው። ሽሮ የሚተካው ረቂቅ ሲቀርብ ደገፉ፤ 43 ለ57 ወደቀ። ጁላይ 26 ያለምትክ የሚሽረው ሲቀርብ ከሰባት ሪፐብሊካኖች አንዱ ሆነው ተቃወሙ፤ 45 ለ55 ወደቀ። እስከዚህ ድረስ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ጁላይ 28 ከእኩለ ሌሊት በኋላ «ቀጭኑ» የተባለው ሲመጣ ግን ደገፉት። ያ ረቂቅ ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታን አንሥቶ ከቀረው አብዛኛውን እንዳለ የሚተው ነበር፤ የበጀት ጽሕፈት ቤቱ 16 ሚሊዮን ሰው ኢንሹራንስ ያጣል፣ ወርሃዊ ክፍያውም 20 በመቶ ገደማ ይጨምራል ብሎ ነበር። ደጋፊዎቹ «ሕግ እንዲሆን አይደለም፣ ድርድሩ እንዲቀጥል ነው» ይሉ ነበር። ለእኔ ይህ ጥገናው ሳይጀመር ምሰሶ መንቀል ነው። የጣሉት ሪፐብሊካኖቹ ሱዛን ኮሊንስ፣ ሊሳ መርካውስኪ እና የአንጎል ዕጢ እንዳለባቸው ገና የተነገራቸው ጆን ማኬይን ናቸው፤ 49 ለ51።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን የሚያስመሰግናቸው ነው። ትራምፕ ኦክቶበር 12 ቀን 2017 ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሰጠውን የወጪ ማቃለያ ክፍያ አቆሙ። ሕጉ ግን ኩባንያዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪሱ የሚከፍለውን) እና ኮፔዩን (በየሕክምናው የሚጨምረውን) እንዲቀንሱለት አሁንም ያስገድዳል፤ ገንዘቡ ቀረ፣ ግዴታው ቆየ። አሌክሳንደርና ፓቲ መሬይ በአምስተኛው ቀን ስምምነት ይዘው ቀረቡ፦ ክፍያው ለሁለት ዓመት ይመለስ፣ ለማስታወቂያና ለምዝገባ ርዳታ የተቀነሰው ይተካ፣ ግዛቶች የራሳቸውን አሠራር ለመሞከር ፈቃድ ቶሎ ያግኙ። 12 ሪፐብሊካንና ከዴሞክራቱ ወገን 12 ሴናተሮች ፈረሙበት። ለድምፅ ሳይቀርብ ቆየ፤ በማርች 2018 በበጀት ሕጉ ለማስገባት የተደረገው የመጨረሻ ሙከራም በፅንስ ማስወረድ ገንዘብ ክርክር ተሰናከለ።

ኩባንያዎቹም የቀረባቸውን ገንዘብ ሲልቨር በሚባለው መካከለኛ ደረጃ ፕላን ዋጋ ላይ ጫኑት። የመንግሥት ድጎማ የሚሰላው በሁለተኛው ርካሽ ሲልቨር ዋጋ ስለሆነ ድጎማው አብሮ አደገ፤ ብዙ ሰው ብሮንዝ የሚባለውን ዝቅተኛ ደረጃ ፕላን በነፃ ወይም በጥቂት ዶላር አገኘ። እዚህ ላይ ነው ታክሲ ነጂው፣ ፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ሕፃን ጠባቂዋ የሚሳሳቱት። ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ ከ250 በመቶ የማይበልጥ ሰዎች የወጪ ማቃለያውን የሚያገኙት ሲልቨር ከመረጡ ብቻ ነው። ከ150 በመቶ በታች ለሆነ ሰው ሲልቨሩ በአማካይ የሕክምናውን ወጪ 94 በመቶ ይሸፍናል፣ እስከ 200 በመቶ ላለው 87 በመቶ። «ነፃ ነው» ብሎ ብሮንዝ የያዘ ሰው ሆስፒታል ሲገባ በሺዎች የሚቆጠር ዲዳክቲብል ይጠብቀዋል።

በ2020 አሌክሳንደር ጡረታ ሊወጡ ሳምንታት ሲቀሯቸው የርክክቡ ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ምርጫው ኖቬምበር 3 ነበር፤ አሸናፊው ባይደን መሆናቸውን የሚለየው የንብረትና አገልግሎት አስተዳደሩ ማረጋገጫ እስከ ኖቬምበር 23 አልተሰጠም። በዚያን ጊዜ የኮቪድ ክትባት ሊፈቀድ ደርሷል፤ ስንት ጠርሙስ ወደየት ግዛት እንደሚላክ የሚያሳየው ዕቅድ በአሮጌው ቡድን እጅ ነው። ኖቬምበር 20 ሴናተሩ ባወጡት መግለጫ፣ ባይደን ሊያሸንፉ የሚችሉበት ዕድል እስካለ ድረስ ሰነዱም ስብሰባውም ይከፈትላቸው፣ በተለይም የክትባት ሥርጭቱ፣ አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ለትራምፕ የላኩት መልእክት አጭር ነበር፦ በሕዝብ አገልግሎት ያለን ሰው የሚያስታውሱት በመጨረሻ ባደረገው ነው።

የአገር ቤቱ ነገር መልኩ ሌላ ነው። ኦባማ ሕጋቸውን በማርች 2010 ሲፈርሙ፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ከደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ታሰበ። እዚህ ሕጉን ለመሻር የተወካዮች ምክር ቤቱ በደርዘን የሚቆጠር ድምፅ ሰጠ፤ እዚያ ግን አዋጁ ሳይሻር የሚጀመርበት ቀን በየጊዜው ተራዘመ። ደመወዝተኛው «ተቆርጦብኝ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይገኛል ወይ?» ሲል ጠየቀ፤ ጥያቄው ትክክል ነበር።

በአንጻሩ በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ወደ ብዙ ወረዳ ተስፋፋ። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ በአባወራ ይሰበሰባል፤ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ የሚኖረው ከመኸር በኋላ ስለሆነ ምዝገባውም በዚያ ሰሞን ነው። መክፈል ለማይችለው ክልልና ወረዳ ይከፍሉለታል። ታማሚው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ሪፈር ሳይጻፍለት ሆስፒታል ከሄደ ከኪሱ ይከፍላል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ሲሆን አባሉ ከግል ፋርማሲ ይገዛል፣ በሚቀጥለው ዓመትም አያድስም፤ ጤነኛው ቀርቶ ሕመምተኛው ብቻ ሲያድስ ደግሞ ፈንዱ ይከስራል። ይኸኛው ሒሳብ በቴነሲም በጎጃምም አንድ ነው።

በ2018 አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለቅቀው ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሲተኩ የጤና ሚኒስትሩም ተለወጡ፤ በ2020 እና በ2024 እንደገና ተለወጡ። መድህኑ ያልተናጋው በቀበሌና በወረዳ ላይ ስለቆመ ነው፤ ይህ ጥንካሬው ነው። ጉድለቱም አለ። የጁላይ 26 ቀን 2017 የአሌክሳንደርን ድምፅ ማንም ሰው ከሴኔቱ መዝገብ አውጥቶ ያነብባል፤ የአገር ቤት መራጭ ግን ወኪሉ ስለ መድህን መዋጮው ምን እንዳለ፣ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ የሚያይበት ተመሳሳይ መዝገብ በእጁ የለም።

አሁን እዚህ ያለነው ልናስተውለው የሚገባው በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ያስቀመጣቸው ቀኖች ናቸው፤ ቀጣዩን ርክክብ አይጠብቁም። ጥገኝነት ያገኙና በስደተኝነት የገቡ፣ ግሪን ካርድ ካልያዙ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከፌዴራል ሜዲኬይድ፣ ከጃንዋሪ 2027 ደግሞ ከኦባማኬር ድጎማ ይወጣሉ። ሁለቱም ግሪን ካርድ የሚሰጣቸው አንድ ዓመት ከቆዩ በኋላ ስለሆነ፣ ዓመቱ የሞላው ፎርሙን ማስገባቱን ለነገ ባያሳድር ይሻለዋል። በዲቪ የመጣና አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ለብቻው ሆኖ የዓመት ገቢው ከ15,650 ዶላር በታች ከሆነ፣ ለ2026 ከፌዴራሉ ድጎማም ሜዲኬይድም አያገኝም፤ አንዳንድ ግዛቶች ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጡት ግን አልተነካም። ከ2021 ጀምሮ የነበረው ተጨማሪ ድጎማም በ2025 መጨረሻ ስላበቃ፣ ለ2026 ለብቻው የሆነ ሰው ገቢው ከ62,600 ዶላር ካለፈ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ለኡበር ነጂዎች ደግሞ ይህ አለ፦ ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ በገቢ ግምት ስሕተት የተወሰደ ትርፍ ድጎማ ያለ ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ ገቢ ከተገመተው ሲጨምር በ30 ቀን ውስጥ ለማርኬት ፕሌሱ (የኦባማኬር ኢንሹራንስ ለሚሸጥበት ገበያ) ማሳወቅ፣ በግብር ወቅትም የዓመቱን ድጎማ የሚያሳየውን 1095-ኤ የሚባለውን ቅጽ ሳይዙ ታክስ አለማስገባት ነው።