ጎበዝ፣ ከመፎከራችን በፊት እንጠይቅ

ጎበዝ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣ። በአርበኛ አያት እኛን ጎጃሞችን የሚያህል የለም። ሠርግ ላይ እንፎክራለን፣ ፌስቡክ ላይ እንፎክራለን፣ ጠላ ቤት ከገባን ደግሞ አይጣል ነው። «የአርበኛ ዘር ነኝ!» ይላል አንዱ። የት ተዋጉ? ዝም። የማን ተከታይ ነበሩ? «የበላይ ዘለቀ ነዋ!» የክርስትና ስማቸውስ? «እሱን እናቴ ነበረች የምታውቀው።»

የሁሉም ሰው አያት የበላይ ዘለቀ ተከታይ ሊሆን አይችልም። በላይ የቢቸናና የዓባይ በረሃ አርበኛ ናቸው። ዳሞት ላይ እነ ነጋሽ በዛብህ ነበሩ። በዳንግላ በኩል እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ እነ ኃይሉ በለው። አያትህ የቡሬ ሰው ሆነው ሳለ ቢቸና ምን ወሰዳቸው? ሄደው ሊሆን ይችላል፤ ግን ጠይቅ እንጂ! ስሙ የገነነውን እየመረጥን ስንለጠፍ የየራሳችን አለቃ ስም እየጠፋ ነው።

«ማይጨው ዘምቷል» የምንለውም እንዲሁ ነው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ራስ እምሩ አዝምተውት የወጣው የጎጃም ጦር ግን የሄደው ወደ ሽሬ ነው። ታኅሣሥ ላይ ተከዜን ተሻግሮ ደምበጓይና ላይ ጣሊያንን መታ። ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ የወረደበትም በዚያው ወር፣ እዚያው ተከዜ ዳር ነው። በየካቲት መጨረሻ ሽሬ ላይ ተዋጋና አፈገፈገ። አያቱ በዚህ ሁሉ ያለፉ ሰው ማይጨው፣ ማይጨው ሲል የአያቱን ጦርነት ነጥቆ የሌላ ሰው ጦርነት አሸከማቸው ማለት ነው። (ደምበጓይናን ከእኛው ደምበጫ ጋር የሚያምታታማ ስንት አለ!)

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጎጃሜ ትውልድ የሚቆጥረው ለወግ አይደለም፤ ርስት ነዋ! ከዋናው አባት ጀምሮ፣ በአባትም በእናትም በኩል ቆጥሮ ካላስረዳ መሬት አያገኝም። ሽማግሌ ፊት አንድ ስም የዘለለ ይረታ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሙግት ቀረ። መሬት ላራሹ ሆነ፤ እሰየው። ቆጠራው ግን ሥራ ፈታ፤ ከአዋቂዎቹ ጋር አብሮ መቃብር ወረደ። ዛሬ የምንቆጥረው ጋብቻ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እሱም በጥድፊያ።

በቅርቡ አንድ የአርበኛ ልጅ ሲቀበሩ ለቅሶው ላይ ነበርሁ። ሙሾ አውራጇ የአባታቸውን የፈረስ ስም ጠራች። የማረኩትን ጠመንጃ ጠራች። የቆሰሉበትን ወንዝ ጠራች። ስልክ ያልያዘ ወጣት አልነበረም። የተቀረጸው ግን ከውጭ የመጣው ልጅ መሬት ላይ ሲንከባለል ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ «ቅድም የጠራችው ወንዝ ማን ነበር?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሁሉም ንፍሮውን እየቃመ እርስ በርሱ ተያየ። ሴትዮዋን ፈልጌ አገኘኋት። «እኔስ ከእናቴ ነው የሰማሁት» አለችና ግጥሙን አንድም ሳትስት ደገመችልኝ። የቤተሰቡ መዝገብ ቤት እሷ ናት። ከለቀስተኛው አንድም ሰው ስልኳን አልተቀበላትም።

ሴቶቹን አለመጠየቃችን ደግሞ ያናድደኛል። ሽማግሌ ከበን ስለ ተኩስ እንጠይቃለን፤ ጓዳ ያሉት እማማ ግን የሚያዳምጣቸው የለም። እናታቸው ለማን በሶ ሲፈጩ እንዳደሩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ስንቁ በየት በኩል ወደ ጫካ እንደሚገባ፣ ማን ማን መጥቶ እንደወሰደ፣ ማን ሳይመለስ እንደቀረ ሰምተው ያደጉት እሳቸው ናቸው።

ስትጠይቁ ታዲያ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። «አባትዎ የተወለዱት ከኅዳር በሽታ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ፤ የኅዳር በሽታ 1911 ነው። «ንጉሡ ማርቆስ ሲገቡ የት ነበሩ?» በሉ፤ ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። በዚህ መሐል ሌላው እየተመዘዘ ይመጣል። የፈረንጅ ጽሑፍ ስታገላብጡም ተጠንቀቁ፤ የእነሱ 1941 በአብዛኛው የእኛ 1933 ነው።

የክርስትና ስሙን አጥብቃችሁ ያዙ። መንደሩ አያልነህ የሚለው ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታሰበው ገብረ ማርያም ተብሎ ሊሆን ይችላል። የፈረስ ስምም እንደዚሁ ነው፤ በላይን አባ ኮስትር እንጂ በላይ ብሎ የማይጠራ ብዙ ነበር። ማዕረግም ያሳስታል። የአርበኛ አለቆች ጫካ ውስጥ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች እያሉ ይሾሙ ስለነበር፣ የመንግሥት ወረቀት ላይ ማዕረጉን አጣሁት ብላችሁ አያታችሁን ውሸታም አታድርጓቸው። ይህን ሁሉ ይዛችሁ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት)፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም አርበኞች ማኅበር ብትሄዱ የሚረዳችሁ ሰው ከምን እንደሚጀምር ያውቃል። «አያቴ አርበኛ ነበሩ» ብቻ ብላችሁ ብትሄዱ ግን ምን ያድርግላችሁ?

ከዚያ የማትወዱት ነገር ሊመጣ ነው። ባንዳ። በእኛ አፍ ባንዳ የሆነው ሁልጊዜ የጎረቤት አያት ነው። እስቲ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እዩ፤ ዓድዋ ዘምተዋል። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ደግሞ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር ሠሩ። በንጉሥ ቤት የሆነ በእኛ ቤት አይሆንም ያለው ማነው? አንዱ ወንድም ጫካ፣ ሌላው ምሽግ ውስጥ ያደረበት ቤት ሞልቷል። ቀን ለጣሊያን ገብሮ ማታ ለአርበኛ እህል የሚልክም ነበር፤ እሱን ምን ልትሉት ነው? ያገኛችሁትን እንዳገኛችሁት ጻፉት። የማይመቸውን ቆርጣችሁ የምትጥሉ ከሆነማ ከመጀመሪያውም ሽማግሌ አታድክሙ።

አያቱ የተሸለሙትን ሜዳልያ ለልጅ መጫወቻ የምትሰጡ፣ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ለአይጥ ጥላችሁ ከተማ የገባችሁ፣ ለናንተም ቃል አለኝ። ወረቀቱን ዛሬውኑ በስልክ አንሱትና ለወንድም ለእህት ላኩት። ሜዳልያውን ደግሞ ባሕር ዳር ወስዳችሁ ለቱሪስት የምትሸጡ፣ ተዉ!