አብሽሩ ቲቸር፣ ገብቶናል

ትናንት ከሰባተኛ ክፍል የሰበሰብኳቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ሳገላብጥ አንዷ ላይ ቁጥር አጣሁ። ጥያቄው 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው የሚል ነበር። በመልሱ ቦታ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «አብሽሩ ቲቸር፣ ገብቶናል» ይላል። ገብቶናል! ለወንበር ጓደኞቹም ጭምር ፈርሞልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንዲት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ልጆቹ ሠርተው በሩ ላይ ሰጥተውኝ ይወጣሉ። ማርክ የለውም። ማታ ሦስት ቦታ እከምራቸዋለሁ፤ የገባው፣ መንገድ ላይ የቀረው፣ ጭራሽ ያልተነሳው። በማግስቱ የምጀምረው ትልቁ ክምር ካለበት ነው። ሥልጠና ላይ «ኤግዚት ቲኬት» ይባላል አሉን። እኔም ሞኙ ስሙን እንዳለ ለልጆቹ ነገርኳቸው። «እስከ ኮምቦልቻ ነው ቲቸር?» አለኝ አንዱ ከኋላ።

ከዚያ ወዲህ ቁራጭ ወረቀት ነው የምለው። እሱም ጣጣ አለው። «ወረቀት አውጡ» ስል ክፍሉ ይደነግጣል። «ይያዛል?» አይያዝም። «ከስንት ነው?» አይያዝም አልኩ እኮ! ካልተያዘ ለምን እንለፋለን የሚል ፊት 60 ቦታ ተደርድሮ ያየኛል።

በአፍ መጠየቅስ? እሱ ደሴ ላይ አይሠራም። «ገባችሁ?» ስትል «አዎ!» የሚለው ድምፅ ጦሳ ተራራ ደርሶ ይመለሳል። እኛ ወሎዬዎች በአቦል «ልሂድ» ብለን ከበረካ በኋላ የምንነሳ ሰዎች ነን። ጠመኔ ለብሶ 40 ደቂቃ የለፋን ሰው አልገባኝም ብሎ ማሳዘን እንዴት ይሆናል?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ባለመጠርጠሬ ተመንጥሬያለሁ። አንድ ፋሲካ ሰፈር ውስጥ ቅርጫ ገባሁ። ስምንት ሆነን እኩል ከፈልን። አስተባባሪያችን በሬውን ዘጠኝ መደብ አደረገው። ዘጠነኛዋ ለድካሙ ናት። «ግልጽ ነው አይደል ወንድሞቼ?» አለ። «ግልጽ ነው» አልን በአንድ ድምፅ። እኔም፣ የሂሳብ አስተማሪው! ቤቴ ገብቼ ሠራሁት። 1/8 ሲቀነስ 1/9፣ 1/72 ይመጣል። ትንሽ ናት እንዳትሉ። በሬው 144 ኪሎ ሥጋ ቢወጣው ሁለት ኪሎ ናት! ሰውየው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ደህና ነህ?» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። ሁለት ኪሎዋን አላነሳም።

የምሬን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ልጅ እንደምንም ደፍሮ አልገባኝም ሲል ክፍሉ ይስቃል። አንዳንዱ አስተማሪም አብሮ ይስቃል። እኔም በልጅነቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ እጄን አውጥቼ ነበር። «ሌላው ሁሉ ገብቶታል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?» ተባልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጠይቄም አላውቅም፣ አልፌም አላውቅም ማለት ይቀለኛል።

ወረቀቶቹን ረሳኋቸው። 19ኙ 2/5 ብለዋል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረው። ግማሽ እንጀራ የያዘ ሰው ሲሶ ተጨምሮለት ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድምር የማውቀው ቅርጫ ላይ ብቻ ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍል አሁን መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል፤ 2/5 ግን ያው 2/5 ነው፣ በእኔም ጊዜ ነበረ።

ለማንኛውም የነገዋን ጥያቄ ጽፌያለሁ። ስምንት ሰዎች እኩል ከፈሉ፣ በሬው ዘጠኝ መደብ ሆነ፤ ከእያንዳንዱ ከፋይ ድርሻ ስንት ጎደለ?

ይቺ እንኳን ትያዛለች።