ዘይቱን ከፍ አድርጉት!

ባለፈው እሁድ በጎነት ሰፈራችንን ጎበኘው። ድንገት ነው የመጣው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ብሎካችን ስር ቆመ። ሰው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ቲሸርት ለብሷል። በረንዳ ላይ ሆኜ ቆጠርኳቸው፤ 43። ከዚያ ጄኔሬተር ወረደ። ሞንታርቦ ወረደ። የፕላስቲክ ወንበር ወረደ። ለሁለት ሰው የሚከብድ ባነር ወረደ። የሁሉም መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ 10 ኪሎ ዱቄት በትከሻው፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት በእጁ ይዞ ወረደ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አዲስ አበባ አልቃ የአዳማው የክፍያ መንገድ ሊጀምር ሲል። እዚህ ድረስ ታክሲ እንኳ ተለምኖ ነው የሚመጣው። በጎነት ግን ሳይለመን መጣ። እንዴት አልደሰት!

የመጡት ለአንዲት ጎረቤቴ ነው። ባለቤቷ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነው። ግዳጅ ላይ ነው፤ የት እንደሆነ እሷም በደንብ አታውቅም። ስሟን አልናገርም። እኛ "የሃምሳ አለቃ ቤት" ነው የምንላቸው። ሁለት ልጆች አሏት፣ ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ዕድሜዋ 31 ነው። አስተባባሪው ፀጉሩ የሸበተ፣ ከሃምሳ የማያንስ ሰውዬ ነው። "እናታችን" አላት።

ቲሸርታቸው ላይ "በጎነት ለራስ ነው" ይላል። ሐቀኝነታቸውን ወደድኩት። ለማን እንደሆነ ከመጀመሪያውም አልደበቁም።

ለነገሩ ወሩም ወሩ ነው። ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን አለ፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስቴርን ያቋቋሙበት እየታሰበ የሚከበር። ጥቅምት 24 ደግሞ በ2013 የሰሜን ዕዝ የተጠቃበት ቀን ነው። ስለዚህ የወታደር ቤተሰብ በጥቅምት ይታወሳል። አባቶቻችን "በጥቅምት አንድ አጥንት" ሲሉ ለብርዱ መስሎን ነበር። ለካ ለዘማች ቤተሰብ የተያዘ በጀት ኖሯል! የኅዳርንና የታኅሣሥን አጥንት የሚጠይቅ ካለ እሱ ስግብግብ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ። ይህን ዘይት ሳላወድስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

መጀመሪያ ዘይቱ ብቻውን ተነሳ። ጠረጴዛ ላይ፣ ከኋላው ባነር፣ ከጎኑ አበባ። ቀጥሎ አስተባባሪው ዘይቱን ይዞ ተነሳ። ቀጥሎ ርክክቡ መጣ። ርክክብ ሲባል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰጪ እጀታውን ይይዛል፣ ተቀባይ ከስር ትደግፋለች፣ ሁለቱም ካሜራውን ያያሉ። ጎረቤቴ የዋህ ናትና ዘይቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ፎቶ አንሺው ጮኸ፦ "ቆይ እናታችን! አትቀበይ! ልትቀበይ ስትይ ነው የምንፈልገው!"

ልትቀበል ስትል ቀረች።

ከዚያ ምክትል አስተባባሪው ሰጣት። ከዚያ ገንዘብ ያዧ ሰጠቻት። የወጣቶች ተወካይ ሰጣት። የሴቶች ተወካይ አቅፋት ሰጠቻት። ባነሩን ያሳተመው ነጋዴ መጣና "እኔስ?" አለ፤ እሱም ሰጣት። "ዘይቱን ከፍ አድርጉት! ጽሑፉ ወደዚህ! ዱቄቱ ይቀመጥ፣ ዱቄቱ ሸሚዝ ያበላሻል!" አንዱ ሲሰጥ ዓይኑን ጨፍኖ ተገኘ፣ ተደገመ። ጎረቤቴ ግራ ሲገባት ፈገግ አለች። "ትንሽ አዘን በይ" ተባለች። አዘነች። ፎቶ አንሺው ስልኩን ዝቅ አድርጎ አያትና ራሱን ነቀነቀ። "እንደሱ አይደለም። ተስፋ ያለው ሐዘን።"

ቪዲዮውም አለ። ቪዲዮው ሊያልቅ አንድ ሐረግ ሲቀረው ቆራሌው በብሎኩ ጀርባ "ቆራሌው! ብረታ ብረት! ያለቀ ጫማ!" እያለ አለፈ። እንደገና ተባለ። ሁለተኛው ላይ የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ድሮን ተነሳ። አዎ፣ ድሮን። የሰፈሩ ሕፃን በሙሉ ዘይቱን ትቶ ድሮኑን ተከትሎ ሮጠ። ከሰማይ ሆኖ ባለ 5 ሊትር ዘይት ምን እንደሚመስል እስካሁን አላየሁም፤ ባየው ደስ ይለኛል።

እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እየቆጠርኩ ነው። 17 ጊዜ ተሰጣት። በሂሳብ ከሄድን ጎረቤቴ 85 ሊትር ዘይት ተቀብላለች። እጇ ላይ ግን ያው 5 ናት፣ እሷም እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆይታ ለመጥበሻ የደረሰች። ትልቁ ልጇ ሰባተኛ ክፍል ነው። ድሮኑን ሳያይ ሽንት ቤት ገብቶ ዘጋ። "የክፍሌ ልጆች ያዩኛል" ብሎ ነው አሉ። ኩራተኛ ልጅ! ማን አስተማረው?

አንዳንድ የድሮ ሰዎች፣ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው አይወቅ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ሴልፊ አያውቁም። ዛሬ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ስልኩን የያዘው ግራ እጅ ነው። እንዴት ሆኖ ነው የማያውቀው?

የድሮ ሰው እንዲያው በጠቅላላው ኋላ ቀር ነበር። በ1888 ወደ አድዋ ሲዘመት በሶ የጨበጡ፣ ድርቆሽ ያደረቁ፣ ስንቅ የቋጠሩ ሴቶች ስንት ነበሩ! አንዷም ቲሸርት አልነበራትም። የዘማች ማሳ ጦሙን እንዳያድር ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ሲያርስ ባነር ይዞ አልወጣም። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ታውጆ ታጠቅ ጦር ሰፈር በሚሊሻ ሲሞላ፣ ልጇን የሸኘች እናት ዘንድ ጎረቤት የሚሄደው ጀበና ይዞ ነበር። እስኪመሽ አብሮ ይቀመጣል። ምን ሠራችሁ ቢባሉ ማስረጃ የላቸውም። ቅርብ ጊዜ እንኳ፣ በ2014 ኅዳር ማለቂያ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲያጭዱ ተብሎ ነበር። ማጭድ ያለመደ የከተማ ልጅ እጅ በማግስቱ ውሃ ይቋጥራል። ዘይት ከፍ ያደረገ እጅ ምንም አይሆንም። ሥልጣኔ እንዲህ ነው።

ወደ መድረኩ እንመለስ። ከፎቶው በኋላ ንግግር ሆነ። የክብር እንግዳው መነጽሩን አደረገና ወረቀት አወጣ። ስለ አገር ተናገረ፣ ስለ ደም ተናገረ፣ ስለ አጥንት ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዛሬ በመካከላችን የሌለው፣ ለዚህች ባንዲራ የወደቀው የእናታችን ባለቤት…" አለ። የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ታወጀ። 43ቱም ተነሱ።

ሰውዬው አልሞተም።

ሐሙስ ማታ አናግራዋለች። አልሞተም። እሷ ግን ምን ታውቃለች? ሐሙስና እሁድ መካከል ሁለት ቀን አለ። ዱቄቱን ታቅፋ ቆማ ነበር፤ ከእጇ ወደቀ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ባዶ እግሯን ሮጣ ስልኳን አነሳች። "የደወሉላቸው ደንበኛ…" ትላለች ሴትዮዋ። ደግማ ደወለች። "የደወሉላቸው ደንበኛ…" በሞንታርቦ የሰሙት የአንደኛ ፎቋ እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ ወጡ። የእድራችን ጸሐፊ ስለ ድንኳን ጠየቀ። ትንሿ ልጅ እናቷ ስትጮህ አይታ ጮኸች።

እዚህ ላይ ማሽሟጠጥ አቃተኝ። የወታደር ሚስት የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል ትልካለች። ከዚያ ትቀመጣለች። ከዚያ ነው የምታነሳው። በየቀኑ እንዳይመጣ የምትጸልይበትን ቃል እናንተ በሞንታርቦ፣ በአበባ አጅባችሁ፣ ቤቷ ድረስ አመጣችሁላት። የቲሸርቱን ሳይዝ እያንዳንዳችሁ ተጠይቃችኋል። ሰውዬው በሕይወት አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ? ከ43 ሰው አንድ?

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደወለ። "26 ጊዜ ደውለሽ ነበር፣ ልጆቹ ምን ሆኑ?" ብሎ።

ይቅርታ፣ ምስጋናዬን አቋረጥኩ። ስህተቱ በጊዜው ታርሟል። አስተባባሪው ደረጃው ላይ ቆሞ "ለማንኛውም ጸሎት አይጎዳም" ብሎ አጽናንቷል። ከዚያ የምስክር ወረቀት ተሰጣጡ፤ 43 የምስክር ወረቀት። ሰጡ፣ ተቀበሉ፣ አጨበጨቡ። እዚያ ላይ ማንም "አትቀበሉ" አልተባለም።

ከመሄዳቸው በፊት ለቪዲዮው "ምን ችግር አለብሽ?" ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ ይህ ከንግግሩ በፊት ነው። እሷም እውነት መስሏት መለሰች። ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ አራተኛ ፎቅ አይወጣም፣ ጀሪካን መሸከም ወገቤን ጨረሰው አለች። የትንሿ ልጅ ወረቀት የአባት ፊርማ ወይም ውክልና ካልመጣ አይሆንም ተብዬ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ስሄድ ልጅቷን የሚይዝልኝ የለም አለች። ቪዲዮ ቀራጩ በትሕትና ሰማትና "ይኼ ለቪዲዮ ይረዝማል፣ አመሰግናለሁ ብቻ በይ" አላት።

ልክ ነው፤ ይረዝማል። አንድ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ ሲወጣ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ላይክ የለውም።

የብሎካችን ዘበኛ ግን ይህ አይገባውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሲመጣ የሃምሳ አለቃን ቤት ሁለት ጀሪካን ሞልቶ በሯ ላይ አስቀምጦ ይወርዳል። በሩን እንኳ አያንኳኳም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጇን ሂሳብ ያስጠናሉ። ስንት ዓመት ሆናቸው፤ አንድ የምስክር ወረቀት የላቸውም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች የትም አይደርሱም። ባነር የላቸውም፣ መዋቅር የላቸውም፣ ዘይቱን ከፍ አድርጉ የሚላቸው የላቸውም። ዘበኛውን ባለፈው "ለምን አትናገርም?" ብለው "ምኑን?" አለኝ።

ባነሩ ሲሄዱ ተረሳ። አራት ሜትር ይሆናል። በአንድ በኩል የአስተባባሪው ፎቶ፣ በሌላው በኩል የነጋዴው፣ መሃል ላይ በትልቁ "ሁሌም ከጎናችሁ ነን"። ትናንት ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ አንጥፋው የዓመቱን በርበሬ አስጥታበታለች። የጥቅምት ፀሐይ ለበርበሬ ይመቻል። "ሁሌም" የሚለው ከዛላው ስር ገብቷል። አስተባባሪው ግንባሩ ብቻ ይታያል።

"ዘይቱስ?" አልኳት።

"አለቀ" አለች፣ በርበሬውን በእጇ እያገላበጠች። "ባነሩ ግን ጠንካራ ነው። ለከርሞም ይሆነኛል።"