ፍሬኑስ?

ስለ ዳይመንድ ቲ 980፣ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ አሜሪካ ሠራሽ ታንክ ጫኝ መኪና፣ ያወጡት ጽሑፍ የ201 ፈረስ ጉልበት ሞተሩን አሞግሶ ፍሬኑን ረስቶታል። እኛ ኮምቦልቻዎች መጀመሪያ የምንጠይቀው ግን እሱን ነው። ከደሴ ወደዚህ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ባዶ ሎቤድ (ዝቅ ያለ የከባድ ዕቃ ተሳቢ) እንኳ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። እስቲ 36 ቶን የሚመዝን ቲ-55 ታንክ ተጭኖበት አስቡት!

ታንክ ለምን በመኪና እንደሚጫንም አልተነሳም። ሰንሰለቱ በረጅም መንገድ ቶሎ ያልቃል፣ አስፋልቱንም ያርሰዋል። የተመታው ደግሞ በዊንች (የብረት ገመድ በሚጠቀልል መጎተቻ) ተጎትቶ ተሳቢው ላይ ይወጣል፤ ከተጠገነ ተመልሶ ይዋጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ብዙ ታንክ ያተረፉት እንዲህ ነው። ምስጋናው ግን ሁሌ ለታንከኛው ነው፤ ሹፌር ማን ያስታውሳል!

በሚቀጥለው ስለ አሜሪካኖቹ ታንክ ጫኝ ኤም 25 ይጻፉልን። የመጀመሪያዎቹ ጋቢናቸው ሳይቀር ብረት ለበስ ነበር።